መንጃ ፈቃድ ላይ የተጻፈ ደም

ትናንት ከሰዓት ነው... ምሳዬን በልቼ እጄን እየታጠብኩ ሳለ አንድ ሰውዬ በሩን ሳያንኳኳ ዘው ብሎ ገባ።

አዳማ ውስጥ አንድ ክሊኒክ ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው። ሽንት፣ አክታ፣ ሰገራ ሳገላብጥ እውላለሁ። አንድም ቀን አቅለሽልሾኝ አያውቅም። ትናንት ግን... ኤጭ!

ሰውዬው የአይሱዙ ሹፌር ነው፤ ሽንኩርት ይጭናል። ጥርሱን በስቴኪኒ እየጎረጎረ ነው የገባው። ከኋላው አንድ ሽማግሌ ሁለት ዓመት ገደማ የሆናት ልጅ አቅፈው ተከተሉት። ለካ የሚስቱ አባት ናቸው፤ ከቡልቡላ ነው የመጡት።

«የዚችን ልጅ የደም ዓይነት ማህተም ባለው ወረቀት ጻፊልኝ» አለኝ። «ባለፈው ስትታመም ኤ ናት ብለውኛል። እናቷ ኦ ናት፣ የእርግዝና ካርዷ ላይ አለ። እኔም ኦ ነኝ!» ብሎ መንጃ ፈቃዱን ጠረጴዛዬ ላይ ወረወረው። «ሁለት ኦ ደግሞ ኤ አይወልዱም። ቲክቶክ ላይ በደንብ አይቻለሁ። ዲቃላ ነው ያሳቀፈችኝ!»

ልጅቷ እየሰማችው እኮ ነው! ሚስቱን ከቤት ካባረራት ሁለት ሳምንት አልፎታል። ሽማግሌዎች ተቀምጠው «ምርመራው ይለየው» ስላሉ ነው የሚስቱ አባት አብረው የመጡት። አንገታቸውን ደፍተው ወለሉን ያያሉ። አሳዘኑኝ።

የልጅቷን ጣት ወጋሁ። «አካኮ!» ብላ አያቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። ደሟን ነጩ ሰሌዳ ላይ ጠብ ጠብ አድርጌ መለያ ፈሳሹን ጨመርኩና ነቀነቅኩት። ደሙ የዓይነቱን ፈሳሽ ካገኘ ይቋጠራል፣ አሸዋ አሸዋ ይላል። የኤው ጋ ተቋጠረ፤ የቢው ጋ ምንም የለም።

«ኤ ናት» አልኩ።

ሰውዬው ፈገግ አለ። ፈገግ! ሚስቴ ከዳችኝ ያለ ሰው ያለቅሳል እንጂ እንዴት ደስ ይለዋል?

«ያንተንም ልየው» አልኩት።

«መንጃ ፈቃዴ ላይ አለ አልኩሽ እኮ!»

ይሄኔ ሽማግሌው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አሉ። «ይወጋ! ሕፃኗ ተወግታ የለም እንዴ?»

እየሳቀ ጣቱን ሰጠኝ። ደሙን ጠብ አድርጌ ነቀነቅኩ። እንዴ... የኤው ጋ ቁጥርጥር አለ! እንደገና ሠራሁት። ያው ነው።

«አንተም ኤ ነህ» አልኩት። «መንጃ ፈቃድ ስታወጣ የት ነው የተመረመርከው?»

«ኧረ ምን ምርመራ... ደላላው ነው የጨረሰልኝ። የደም ዓይነት ምን ልበል ሲለኝ፣ ደስ ያለህን አልኩት።»

ደስ ያለህን! ደላላ በእስክሪብቶ በሞነጫጨረው ደም ነው ሰውዬው ትዳሩን ያፈረሰው!

«ይሄ ምርመራ አባት ነህ ብሎ አያረጋግጥልህም» አልኩት። «ሚስትህን ያባረርክበት ምክንያት ግን ውሸት ነው።»

የሽማግሌው እግር ላይ ይወድቃል ብዬ ስጠብቅ... ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«እህቴ፣ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። አሁን በምን ፊቴ ልመልሳት? ለኔ ኦ ብለሽ ጻፊው በቃ። አንቺን ምን ይጎዳሻል?»

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ምሳዬ ጉሮሮዬ ድረስ መጣ። «ዞር በል ከፊቴ!» አልኩት። የሁለቱንም ውጤት ጻፍኩና ማህተሙን ጠረጴዛው እስኪነቃነቅ መታሁበት። እጁን ሲዘረጋ አልፌው ለሽማግሌው ሰጠኋቸው።

«ገለቶሚ ልጄ» ብለው አመሰገኑኝ። ወረቀቱን አጣጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱት። ሰውዬው ልጅቷን ሊቀበላቸው ሲል ወደ ኋላ ሸሹ።

«በጆሮዋ ያልካትን ሰምቼሃለሁ» አሉት። «ይቺ ወደ እናቷ ነው የምትሄደው። አንተ መንጃ ፈቃድህን ይዘህ ሂድ።»

ዛሬ ጠዋት የመጀመሪያው ታካሚዬ የሰገራ ናሙና አፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ አመጣልኝ... ከትናንቱ ሰውዬ በኋላ ሽቶ ሽቶ ነው የሸተተኝ።