ጥሩምባውን የተካው ዝምታ

እኔ ቁጡ ሴት አይደለሁም፤ ሰፈሩን ጠይቁ። ዞር ዞር ማለት ነው የምወደው። ጠዋት ልደታን ተሳልሜ ስወጣ እግሬ ወደ ቤት አይወስደኝም፤ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ድረስ ሄጄ፣ ያገኘሁትን ሰላም ብዬ፣ የታመመ ጠይቄ ነው የምመለሰው። "ዛሬም ዞረሽ መጣሽ?" ትለኝ ነበር ጎረቤቴ፣ ነፍሷን ይማረውና። የምቆጣው እሷ የተቀበረችበትን ቀን ሳስታውስ ነው።

ጎረቤቴ ልጅ አልወለደችም። ዘመዴ የምትለው እድሩን ነው። የሰው ቀብር አምልጧት አያውቅም፤ ጉልበቷን ካመማት በኋላ እንኳ በከዘራ እያነከሰች ትደርስ ነበር። "ምነው ዛሬ እንኳ ብትቀሪ?" ስላት፣ "የእኔ ዕለት ታዲያ ማን ይመጣልኛል?" ትለኛለች። ሞትን አትፈራም። የምትፈራው ሰው የሌለበት ቀብር ነው።

ድሮ ይህ አያስፈራም ነበር። ሰው ሲሞት ጥሩምባ ነፊያችን በየመንደሩ እየዞረ የሟቹን ስም ይጠራል፣ የቀብሩን ሰዓት ይናገራል፤ ሰዉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ይወጣል። አሁን መንደሩ ፈረሰ፤ እድርተኛው በየኮንዶሚኒየሙ ተበተነ። ጥሩምባው ለማን ይነፋ? ለአጥር ቆርቆሮ? ስለዚህ ጥሩምባ ነፊው ተሰናብቶ የቀብር ጥሪው በስልክ መልእክት ይሁን ተባለ። የልጅ ልጄ የኮምፒውተር ባለሙያ ናት፤ እሷ ትሥራው ሲባል እኔ ነኝ እልል ያልኩት።

እድር ቤት ባለው ኮምፒውተር ላይ ሰርቨር የሚሉትን ፕሮግራም ጫነችበት። ሰርቨር ማለት፣ እሷ እንደነገረችኝ፣ ቀን ከሌት ነቅቶ የሚጠብቅ፣ አንድ ጊዜ ሲነግሩት ለሁሉም የሚያደርስ አገልጋይ ነው። የእድርተኛው ስልክ ቁጥር ሁሉ እዚያ ገባ። ሲጨርስ አረንጓዴ የእርማት ምልክት ወጣ።

"ምን ይላል?" አልኳት።

"በተሳካ ሁኔታ ተጠናቋል ነው የሚለው፣ እማዬ።"

እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ፊደል የቆጠርኩት ልጄ ስታጠና ከጎኗ ቁጭ ብዬ ነው። ያቺን ምልክት ግን አውቃታለሁ። አስተማሪ ልክ ለመለሰ ልጅ የሚያደርጋት ናት። አመንኳት።

"እስኪ አንድ መልእክት ልከን እንሞክረው" አለች የልጅ ልጄ።

የእድሩ ጸሐፊ ክው አሉ። በጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ሰው ናቸው፤ ሥርዓት የሚወዱ።

"ማን ሞተ ብለን?"

"ማንም አባባ፤ ለሙከራ ያህል።"

"ሟርት! የእድር ጥሪ ያለ ሬሳ ይላካል? ያልሞተ ሰው እንቅበር እንዴ?"

ሁላችንም አማተብን። እኔም አማተብኩ። እንዲህ ሆኖ፣ ሳይሞከር፣ ሰው እስኪሞት ተቀመጠ።

የሞተችው ጎረቤቴ ሆነች። ንጋት ላይ አረፈች፤ ቀብሯ ለዘጠኝ ሰዓት ተቆረጠ። ጸሐፊው ጥሪውን ሊልኩ ኮምፒውተሩን ቢከፍቱ መላኪያው ገጽ አልከፈት አለ። የልጅ ልጄን ከሥራዋ አስጠራኋት። መጣች፤ ነካካችው።

"አልተነሳም።"

"ምኑ?"

"ሰርቨሩ። ተጭኗል፤ ግን ከተጫነ ጀምሮ ተነስቶ አያውቅም።"

"ምን ሆንኩ ይላል?"

"ምንም አይልም።"

ኮምፒውተሩን አጥፍታ አበራችው። ዝም። ፕሮግራሙን ነቅላ እንደገና ጫነችው። ያቺ ምልክት ወጣች፤ በተሳካ ሁኔታ ተጠናቋል። ከዚያ ዝም። "ተነስ ስለው ብድግ ይልና ወዲያው ይተኛል" አለችኝ፣ ግንባሯን እየጠረገች። እኔ በበኩሌ ስልኬ ውስጥ ላሉት እየደወልኩ ነው። ግማሹ ቁጥሩን ቀይሯል። የቀረው ሕዝብ ቁጥር ያለው እዚያው የተኛው ጉድ ውስጥ ነው።

ንዴቱ ከእግሬ ጀምሮ ነው የመጣብኝ። ሰው ያቃተውን አቃተኝ ይላል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ወረቀት ሲሰጡኝ "አላውቅም፣ አንብቡልኝ" ስል ኖሬያለሁ፤ ማንም በእኔ ምክንያት ተታሎ አያውቅም። ይሄ ግን ችያለሁ ብሎ፣ ምልክቱን ደረቱ ላይ ለጥፎ ይተኛል! አላገለግልም ቢል እኮ ጥሩምባ ነፊያችንን አናሰናብትም ነበር።

በመጨረሻ የልጅ ልጄ ኮምፒውተሩ ላይ ትእዛዝ የሚጻፍበት ጥቁር መስኮት ከፈተች። "እዚህ ውስጥ በእጄ ላስነሳው፤ ሲወድቅ የሚለውን አያለሁ።" እውነትም አንድ ነገር ተዘረገፈ፤ በነጭ ፊደል። አነበበችው፤ ከዚያ የኮምፒውተሩን ጥግ አየች፤ ከዚያ ጸሐፊውን።

"አባባ፣ የዚህን ቀን ማን ነካው?"

"እኔ ነኝ ያስተካከልኩት" አሉ ኮራ ብለው። "ሲመጣ በፈረንጅ ነበር። የእድር ደረሰኝ በፈረንጅ ዓመት ይወጣል? ቀኑ ያልተስተካከለ ወረቀት ወረቀት አይባልም።"

ለካ ፕሮግራሙ ሲነሳ መጀመሪያ የራሱን መታወቂያ ነው የሚያየው። መታወቂያው የተሰጠው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ የእድራችን ኮምፒውተር ደግሞ በእኛው ዓመተ ምሕረት ላይ ቆሟል፣ ከእነሱ ስንት ዓመት ወደ ኋላ። ቀኑን ሲያይ "መታወቂያዬ ገና አልወጣም" ይልና ይተኛል።

"እና ይህን መናገር አቃተው?" አልኳት።

"ጽፎታል እማዬ። ሰው በማያየው ቦታ ነው እንጂ።"

"ለግድግዳ የነገረ፣ ነገረ ይባላል?"

ጸሐፊው ግን ሌላ ነገር ነው ያንገበገባቸው። "ጥፋተኛው የእኛ ዘመን ነው ማለት ነው? ለአንድ ፕሮግራም ብዬ ዓመቴን አልለቅም!" ብለው ከወንበሩ አልነሳ አሉ።

ያን ጊዜ ጮህኩ። በእሳቸው ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም። "ሬሳዋ በስንተኛው ዓመት ነው የምቀበረው ብላ አትጠይቅዎትም! ልጅቱን ያሳልፏት!"

አሳለፏት። ቀኑን መለሰችው። ሰርቨሩ ተነሳ፤ ያለ ምንም ይቅርታ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ። ስልኬ ጭኔ ላይ ጮኸ፤ የጎረቤቴ ስም። ሰዓቱ ስምንትን አልፏል።

ቀብሯ ላይ ሬሳ የሚቀባበል ሰው አነሰ። ካህናቱ ፍትሐቱን ጨረሱ፤ አፈሩ ተመለሰ። ከዚያ መምጣት ጀመሩ። ከየታክሲው እየወረዱ፣ ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ፣ አንዳንዱ እየሮጠ። "ምነው አሁን ይነገረናል?" እያሉ አፈሩ ላይ ቆመው አለቀሱ። እስኪመሽ መጡ። ብዙ ነበሩ። አንጀቴን የሚያቃጥለኝ ይኸው ነው፤ ብዙ ነበሩ። የፈራችው ነገር አልነበረም፤ ያ ዝምታ ነው የፈጠረባት።

በቀጣዩ ስብሰባ ተነሳሁ። "በየሰኞው ይሞከር።"

"በማን ስም፣ እትዬ?" አሉ ጸሐፊው። ቀስ ብለው ነው ያሉት፤ ከዚያ ቀን ወዲህ የደረሰኙን ቀን በእጃቸው ነው የሚጽፉት።

"በእኔ ስም። ለእኔ ስልክ ብቻ ይላክ። ሟርቱም ከመጣ ለእኔ ይሁን።"

አማተቡ፤ እኔ አላማተብኩም። ይኸው ሰኞ ጠዋት፣ ከልደታ ስወጣ፣ ስልኬ ይጮሃል፤ "እድርተኛችን አርፈዋል" ብሎ የእኔኑ ሞት ይነግረኛል። ወዲያው ለጸሐፊው እደውላለሁ።

"ደርሶኛል፤ ሞቻለሁ።"

"ያኑርዎት" ይላሉ።

መልእክቱ አልመጣ ካለ ወደ ሌላ የትም አልዞርም። ነጠላዬን ጠቅልዬ በቀጥታ እድር ቤት ነው፤ ሰላምታም አልሰጥም።