የወረቀቷ ርግብ

ባለፈው ሳምንት የፈተና ወረቀት ላስባዛ ከገበያው በላይ ወዳለው ፎቶ ኮፒ ቤት ገብቼ ነበር። ባለቤቷ የወረቀቱን ጠርዝ ስታስተካክል ቀጫጭን ቅዳጆች እግሬ ሥር ረገፉ። አዲስ የተቆረጠ ወረቀት ሽታ አለው፤ ደረቅ፣ እንደተላገ እንጨት ያለ። አንዱን አነሣሁና ሳላስበው በጣቴ ላይ ጠቀለልኩት።

"ቲቸር፣ እሱ እኮ ቆሻሻ ነው" አለችኝ።

ልቤ ዐሥረኛ ክፍል ወደነበርኩበት ታኅሣሥ ሄዶ ነበር።

ያኔ ነቀምቴ ባለው ቤታችን እናቴ የጓሮውን ክፍል ለአንዲት ተማሪ አከራይታ ነበር። ልጅቷ የመጣችው ከገጠር፣ ከኪራሙ ነው፤ ቤተሰቦቿ ከወሎ ሄደው እዚያ የሰፈሩ ገበሬዎች ናቸው። በአንድ ዓመት ብትበልጠኝም የምንማረው አንድ ክፍል ነበር። መጀመሪያ ሰሞን አፋን ኦሮሞዋ ስለሚሰባበርባት ከትምህርት ቤት በቀር የትም አትወጣም። እናቴ ናት ያላመደቻት። ጠዋት ጠዋት በሯ ላይ ቆማ "አካም ቡልቴ፣ ኢንታላ ኮ?" ትላታለች፣ እንዴት አደርሽ ልጄ እያለች፣ እንደ ልጇ። እሷም እያፈረች "ፈያ፣ ሃርሜ" ትላለች፤ ደህና ነኝ፣ እማዬ ማለቷ ነው። እናቴን እኔም የምጠራት በዚሁ ነበር፤ ሃርሜ ብዬ።

በዚያ ዓመት ቤተ ክርስቲያናችን ለገና ዛፉ ጌጥ አይገዛም፣ እናንተው ሥሩ ተባልን። የሰንበት ትምህርት አስተማሪያችን ወረቀት በቀጭን በቀጭኑ ቆረጠች፤ በመጥረጊያ ስንጥር ላይ ጠቀለለችው፤ ለቀቅ አድርጋ ጫፉን በኮላ አጣበቀችና አሳየችን። ክቡን በአንድ ጎን ሲቆነጥጡት ጠብታ ይመስላል፣ በሁለት ጎን ሲቆነጥጡት ቅጠል። ከእነዚያ ኮከብ፣ ደወልና መልአክ ይገጣጠማል፤ ሁሉም ከአውራ ጣት ብዙም የማይበልጥ።

እኔ ቤት ወስጄ ስሞክር ይፈታብኛል። ተከራይዋ ልጅ ደጃፉ ላይ ቆማ ስታየኝ ቆየችና፣

"ይሄ እኮ ስፌት ነው" አለች።

ክፍሏ ገብታ ወስፌ ይዛ ተመለሰች። እናቷ ሞሰብና ሰፌድ ሰፊ ናት፤ እሷም የስፌት ሣሩን አክርማ ስትጠመዝዝ ነው ያደገችው። ወረቀቱ እጇ ላይ አንዴም አልተፈታም።

ከዚያ በኋላ ከትምህርት ስንመለስ በረንዳው ላይ እንቀመጥ ነበር። የታኅሣሥ ፀሐይ ጉልበታችን ላይ ታርፋለች፤ ከመንገዱ የባጃጅ ጡሩምባ ይሰማል። ኮላው ሲያልቅብን ዱቄት በውሃ አፍልተን ሙጫ ሠራን። እኛ ቤት የገና ጾም አይጾምም፤ እሷ ግን ስለምትጾም እናቴ ሽሮዋን ለብቻ ትሠራላት ነበር።

ርግቧን የሠራችው በመጨረሻው ሳምንት ነው። ከደብተሯ መሐል ያልተጻፈበት ገጽ ገነጠለች። ክንፎቹን ላባ በላባ ቀጠለቻቸው፤ እያንዳንዱ ላባ ከስንዴ ቅንጣት አይበልጥም። ሦስት ቀን ፈጀባት።

"ለወንድሜ ናት" አለችኝ። "መጀመሪያ ግን ዛፋችሁ ላይ ትሰቀል። ከዚያ ትሰጪኛለሽ።"

እሑድ ዕለት አስተማሪያችን ርግቧን በክሯ ከፍ አድርጋ ይዛ "ይቺን ማናችሁ ናችሁ የሠራችኋት?" አለች። ያመጣኋት እኔ ስለነበርኩ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

"እኔ" አልኩ።

አስቤበት አልነበረም፤ ከአፌ ወጣ። ወደ ፊት ጠሩኝ፤ ተጨበጨበልኝ። ዛፉን ለማየት አብራኝ የመጣችው ተከራይዋ ልጅ በሩ አጠገብ ቆማ ነበር። ቀና ብዬ ሳያት እሷም ታጨበጭባለች።

ዛሬ ተማሪዎቼ የሰው ሥራ ገልብጠው ሲያመጡልኝ መቆጣት ያቅተኛል። ሌሎች መምህራን በዚህ ይወቅሱኛል።

ያን እሑድ ወደ ቤት ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን ነበር። ይቅርታ ልጠይቃት ፈልጌ ነበር፤ አልጠየቅኳትም። በማግስቱ ለገና አገሯ ልትገባ መናኸሪያ ሸኘኋት። ርግቧ ዛፉ ላይ እንደተሰቀለች ነበረች። ሄጄ ላውርዳት ብል ውሸቴ ሊጋለጥ ነው።

"አብሽሪ" አለችኝ በሚኒባሱ መስኮት። "ስመለስ እወስዳታለሁ።"

አልተመለሰችም። ኪራሙ አካባቢ ውጊያ ተነሥቶ መንገዱ ተዘጋ፤ ስልኩም ተቋረጠ። ገና አልፎ ጌጡ ሲወርድ ርግቧን ለምኜ ወሰድኩና በክብሪት ቀፎ ውስጥ አስቀመጥኳት። እናቴ ክፍሉን ለሌላ ሰው አላከራይም አለች። ፍራሹን በየጊዜው እያወጣች ፀሐይ ታስመታው ነበር።

ሁለት ዓመት አለፈ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ጥቁር የለበሰች ሴት በራችንን አንኳኳች።

"የልጄን ዕቃ ልወስድ ነው የመጣሁት" አለች።

እንደነገረችን፣ ከኪራሙ ተፈናቅለው ዘመድ ቤት ተጠግተዋል። ልጅቷን በመጀመሪያው ክረምት ትኩሳት ያዛት፤ ወደ ነቀምቴ ሐኪም ቤት እንዳያመጧት መንገድ የለም። በአምስተኛው ቀን ዐረፈች። እናቴ አማርኛው ጠፋባት። "ኢንታላ ኮ፣ ኢንታላ ኮ" እያለች ሴትየዋን አቅፋ አለቀሰች።

ገብቼ የክብሪት ቀፎውን አመጣሁ።

"የእሷ ሥራ ናት" አልኩ። "ሰው ፊት ግን የኔ ናት ብያለሁ።"

ሴትየዋ ርግቧን መዳፏ ላይ አደረገች። ስፌት የሚያውቅ ጣቷ ክንፉን ሳይጫን ዳሰሰው።

"ነግራኛለች" አለች።

"ተቀይማኝ ነበር?"

"አይ። 'ሲያጨበጭቡላት ፊቷ እንዴት እንደበራ ብታዪ፣ እናቴ፣ ያን መንጠቅ አሳዘነኝ' ነው ያለችኝ። ለወንድሟ ሌላ ጀምራለት ነበር።"

"ጨረሰችው?"

"አንድ ክንፍ ደርሶላት ነበር።"

ሴትየዋ ርግቧን ወደ ክብሪት ቀፎው መልሳ ከደብተሮቹ ጋር በነጠላዋ ቋጠረች። ፍራሹን እኔ ተሸክሜ እስከ ባጃጁ ሸኘኋት።