መታጠፊያው የእኔ አይደለም

ያልፈጠርኩት የስፌት ጥለት በስሜ ወጣ፤ እኔም እያወቅሁ ዝም አልኩ። በደሉ ይህ ነው። አስቀድሜ የጻፍኩት ሌላው ወሬ እንዳይሸፍነው ብዬ ነው። የልጅ ልጄ «የስልኩ ጥፋት ነው» ትለኛለች። ስልክ ግን አያፍርም፤ ማፈር የነበረብኝ እኔ ነኝ።

ላሊበላ ውስጥ፣ ከቤቴ ጎን ባለች አንዲት ክፍል፣ ስድስት ሴቶች ሆነን ስፌት እንሰፋለን። ሙዳይ እንሰፋለን፣ አገልግል እንሰፋለን፣ ሲታዘዝ ትልልቅ ሞሰብም እንሠራለን። አብዛኞቻችን ትምህርት ቤት አልገባንም። እኔ በመሠረተ ትምህርት ዘመን ፊደል ቆጥሬ፣ ከዚያ ጥቂት ገፋ አድርጌ ስለነበር፣ የጥለቱ ደብተር በእኔ እጅ ነበር።

ደብተሩ ባለ ካሬ መስመር ነው። በአንድ ገጽ አንድ ጥለት እሥላለሁ፤ እያንዳንዷን ካሬ እንደ አንድ ስፌት ቆጥሬ በባለቀለም እርሳስ እሞላታለሁ። የፈጠረችውን ሴት ስም ግን አልጽፍም ነበር። መጀመሪያ ልጽፍ ስል አንዷ እንዲህ አለችኝ፦ «እትዬ፣ የማላነበውን ስም ብትጽፊልኝ የእኔ መሆኑን በምን አውቃለሁ?» እውነቷን ነው። ስለዚህ እያንዳንዷ ጥለቷ ባለበት ገጽ ጠርዝ ላይ በወስፌ ቀዳዳ ትበሳለች፤ ቀለም ከተነከረው ሣር፣ እኛ አለላ ከምንለው፣ አንድ ዘለላ አሳልፋ ትቋጥራለች። የሁለት ሴት ቋጠሮ አንድ አይሆንም። አንዷ ሁለት ጊዜ ጠምዝዛ ጫፉን ትደብቃለች፤ ሌላዋ እንደ ጤፍ ጆንያ አፍ አጥብቃ ታንቀዋለች። ቋጠሮውን አይተን የማን እንደሆነ ለመናገር ደቂቃ አይፈጅብንም።

ሌላም ሥርዓት አለን። የሌላ ሴት ጥለት መስፋት ያማራት እንደሆነ አንድ እስር ስንደዶ፣ የምንሰፋበትን ሣር፣ ይዛ ወደ ባለቤቷ ትሄዳለች። ባለቤቷም ፈቃደኛ ከሆነች የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዙሮች በገዛ እጇ ሰፍታ ትሰጣታለች። ማስጀመር እንለዋለን። ያልተጀመረላት አትሰፋም። ይህን ሥርዓት አጥብቄ የማስከብር እኔ ነበርኩ። አንድ ጊዜ አንዷን ሴት ሳታስጀምር የሰፋችውን የሙዳይ ክዳን ከጫፍ እስከ ጫፍ አስፈትቻታለሁ። እያለቀሰች ፈታችው። ሻይ አፈላሁላት፤ መፍታቱን ግን አላስቀረሁላትም።

የልጅ ልጄ ኮሌጅ ኮምፒውተር ተምራ የተመለሰች ጊዜ ክረምት ነበር። ጣሪያችን አፍስሶ ደብተሩ አብጦ ቆያት። ቀዩ ወደ ቢጫው ፈሷል፣ ጥቁሩ ወደ ሁሉም።

«እማማ፣ ከእንግዲህ ወረቀት ይብቃዎት» አለችኝ። «ሥራው ሁሉ ስልክ ውስጥ ይግባ።»

«ስልኩስ ውኃ ቢገባው?»

«ስልኩ ቢጠፋ እንኳ ያስቀመጥነው አይጠፋም። ሌላ ቦታ ይቀመጣል።»

«የት?»

ወደ ላይ ጠቆመችኝ። ወደ ሰማይ መሆኑ ነው። «ይህስ ለቄሶቹም ይከብዳል» አልኳት።

ግን ሠራ፤ አልዋሽም። የሠራነውን ሁሉ ፎቶ እያነሳች የምታሳይበት ገጽ ኢንተርኔት ላይ ከፈተች። ትእዛዝ በስልክ መምጣት ጀመረ። የትእዛዙ ሰንጠረዥ በቀለም ሆነ፦ ያልተጀመረው ቀይ፣ የተጀመረው ቢጫ፣ ያለቀው አረንጓዴ። ቀለም ስናፈላ የኖርን ሰዎች ስለሆንን ይህን ለማንበብ ማንም አላስተማረን። ማንበብ ለማይችሉት በድምፅ ትልክላቸዋለች። ከቤቷ ሆና የምትሰፋልን አንዲት ሴት ራቅ ብላ ኮን ነው የምትኖረው፤ ድሮ አንድ ትእዛዝ ለመስማት መኪና ትሳፈር ነበር፣ ዛሬ እበት እየዛቀች ትሰማዋለች። ኔትወርኩ ሲጠፋ ከቤታችን በላይ ያለውን ዳገት ወጥቼ ስልኩን ከፍ አድርጌ እቆማለሁ። ያየኝ ሁሉ እየጸለይኩ ይመስለዋል።

ስህተቱ የተሠራው የደብተሩን ገጾች ፎቶ ያነሳች ቀን ነው። እኔ እስከ ክርኔ ድረስ ቀይ ቀለም ውስጥ ነበርኩ፤ ውኃው እንዳይገነፍል ዓይኔን ከድስቱ አላነሳሁም።

«እማማ፣ ይህ ጠርዙ ላይ ያለው ሣር ገጹን አላስተኛ አለኝ። ፎቶው ላይ ጥላ ይጥላል። ላውጣው?»

«አውጪው፣ አውጪው» አልኳት።

የምትለውን ሰምቻለሁ ማለት አልችልም፤ አልሰማሁም ማለትም አልችልም። ቋጠሮዎቹን ሳትፈታ አንድ በአንድ ከገጹ ጠርዝ እያላቀቀች በፌስታል አጠራቀመቻቸው። እኔ ቤት ስላደገች አለላ መጣል አታውቅም። ከዚያ ስልኩ ለእያንዳንዱ ጥለት «የፈጠረችው» ብሎ ስም ጠየቃት። ጽሑፉም ሥዕሉም የእኔ እጅ ነው፤ እሷም ለሁሉም የእኔን ስም ሞላች። ለእሷ ይህ እኔን ማክበር ነበር።

ከጥለቶቹ አንዱ መታጠፊያ ይባላል። ጥቁር መስመር ከታች በስተቀኝ እያጋደለ ይወጣና ድንገት ተሰብሮ ወደ ግራ ይዞራል። የፈጠረችው ለብዙ ዘመን በአንድ ግድግዳ የተጎራበትኩት ሴት ናት። የጋሸና ልጅ ናት፤ ለትዳር ወደ እኛ አገር የመጣች። «መኪናው ጋሸና ላይ ወደ ላሊበላ ሲታጠፍ የእናቴ ቤት ከመስኮቱ ጠፋ። ያኔ ያየሁት ነው» ትለኝ ነበር። እሷ ሙስሊም ናት፣ እኔ ክርስቲያን። በጾሜ ቀን ቅቤ ያለበትን ድስት ከፊቴ አትከፍትም፤ በረመዳን እኔም ከመግሪብ በፊት ከፊቷ ውኃ አልጠጣም። ዓይኗ ሲደክም ጋሸና ምግብ ቤት ያላት ልጇ ወሰደቻት። ግድግዳውን ሳንኳኳ የሚመልስልኝ ሰው ካጣሁ ቆይቻለሁ።

አንዲት የአዲስ አበባ ሴት የመታጠፊያውን ሥዕል ገጻችን ላይ አይታ ለሁለት ልጆቿ ሁለት ሙዳይ አዘዘች። ማስጀመር እንዳለብኝ አውቃለሁ። ጋሸና ሩቅ ነው አልኩ። ዓይኗ ደክሟል፣ ለምን አስቸግራታለሁ አልኩ። ሰንጠረዡ ላይ ቀዩ አፍጥጦ ሲያየኝ ደስ አይለኝም ነበር። ሁለቱን ሰፋሁ፣ ሦስተኛም ለገጹ ማሳያ ጨመርኩ። ፎቶው ወጣ። ከሥሩም ሰዎች መጻፍ ጀመሩ። «እናቴ እጅዎ ይባረክ፣ ይህን መታጠፊያ ከየት አመጡት?» ይላል አንዱ። የልጅ ልጄ ጠዋት ጠዋት ታነብልኝ ነበር። አንድ ቀን «እስቲ ያንን ድገሚው» አልኳት። ማንበብ የምችል ሰው ነኝ፤ በሰው አፍ ስሰማው ግን ይጥመኝ ነበር። እንዲህ እንዳለሁ አራት ሳምንት አለፈ።

በአምስተኛው ሳምንት ከጋሸና የድምፅ መልእክት መጣች። አጭር ናት።

«እንኳን ደስ አለሽ እቴ። አዲስ ጥለት አወጣሽ አሉኝ። ልጄ ናት ያነበበችልኝ። እኔማ በምን ዓይኔ።»

የልጅ ልጄ ፈገግ ብላ «ደስ ብሏቸዋል» አለች። ፊቴን ስታይ ፈገግታዋ ጠፋ።

«ፌስታሉን አምጪው» አልኳት።

ቋጠሮዎቹን ሰፌድ ላይ ዘረገፍኳቸው። ሴቶቹን ጠራኋቸው። እያንዳንዷ የራሷን ለቅማ አነሳች፤ ያቺ እንደ ጆንያ የምታንቀው የራሷን ስታገኝ «ይህስ ጠፋኝ ብዬ ነበር» ብላ በጉንጯ አስነካችው። የልጅ ልጄ ባዶውን ፌስታል አጣጠፈችው። በመጨረሻ «ለምን አልነገሩኝም፣ እማማ?» አለች።

«አንቺ ጠይቀሻል። ያልመለስኩት እኔ ነኝ።»

ስሜን ከሁሉም ጥለት አነሳችው። በምትኩ የየባለቤቷን ቋጠሮ ፎቶ አንስታ አጠገቡ አደረገች። ለአዲስ አበባዋም ሴት እውነቱን ጻፈችላት፣ አንዲት ቃል ሳታስቀር። ሰፌዱ ላይ የጋሸናዋ ቋጠሮ ብቻ ቀረች፤ በግራ እጅ የተቋጠረች፣ ጫፏ ተመልሶ በራሷ ሆድ ውስጥ የገባች። ያለ ባለቤቷ ፈቃድ ያቺን ፎቶ አላስነሳሁም።

«ይደውሉላቸው» አለችኝ።

«ጥለቱን ሳልሄድ ወሰድኩት። ይቅርታውንም ሳልሄድ?»

በማግስቱ አንድ እስር ስንደዶ በነጠላ ጠቅልዬ፣ ሦስተኛውን ሙዳይ በጉያዬ ይዤ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። የነአኩቶ ለአብን ገዳም አልፈን እስክንርቅ የምናገረውን አዘጋጅቼ ነበር። ጋሸና ስደርስ ሁሉም ጠፋኝ።

ምግብ ቤቱ በሹፌሮች ተሞልቷል። እሷ ከጓዳው በር አጠገብ መደብ ላይ ተቀምጣለች፣ በትሯን በጉልበቷ መካከል ይዛ። እርምጃዬን ሰምታ ቀና አለች።

«ይህ ኮቴ ግድግዳዬን ስትደበድብ የኖረችው ሴት ነው» አለች። «ጥለት አዋቂዋ መጣሽ?»

አንድ ሹፌር ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። አጠገቧ ተቀመጥኩና ያደረግሁትን በሙሉ ነገርኳት፦ ሳላስጀምር መስፋቴን፣ ቋጠሮው ሲወጣ አለመከልከሌን፣ «ድገሚው» እያልኩ ማስነበቤን ጭምር።

«ስንት ጊዜ አስደገምሽው?»

«ሦስት። አራት ይሆናል።»

«አንቺ ማስደገም ትወጃለሽ። የእኔንም ወሬ እንዲሁ ታስደግሚኝ ነበር።»

ሙዳዩን በእጇ አኖርኩላት። ክዳኑን አሸተተችው። ከዚያ በጣቶቿ ከታች ጀምራ እየዞረች ወጣች፣ ቀስ ብላ። አንድ ቦታ ላይ ጣቷ ቆመ፤ ተመልሳ ከታች ጀመረች። ወደ ጓዳው የሚገቡ የሚወጡ ሰዎች እግራችንን እየተሻገሩ ያልፋሉ። እንደገና እዚያው ቦታ ደርሳ ቆመችና ሙዳዩን መለሰችልኝ።

«ስምሽ ይጻፍበት? ወይስ ከገጹ ላይ ላስወርደው? አንቺ ወስኚ» አልኳት። «ከእንግዲህ አትስፊው ካልሽኝም አልሰፋውም።»

«ሻይ ጠጪ።»

«መልሱን ሳልይዝ አልሄድም።»

«አብሽሪ። መልሱ ይደርስሻል። አሁን ሻይ ጠጪ፣ መኪና ያመልጥሻል።»

ስንደዶውን ተቀበይኝ ብዬ ዘረጋሁላት። ተቀበለችም፣ አልቀበልም አለችም ማለት አልችልም፤ በበትሯ ገፍታ ከመደቡ ሥር አስገባችው። ስነሣ እጄን ይዛ ጥቂት አቆየችኝ፤ ጣቶቼን አንድ በአንድ ነካክታ ለቀቀችኝ። መልስ ሳልይዝ፣ ሙዳዩን ብቻ ይዤ ተመለስኩ።

ዘጠኝ ቀን ጠበቅሁ። መታጠፊያውን ከገጹ ደብቀነዋል፤ ሰንጠረዡ ላይ ቦታው ነጭ ሆኖ ቀርቷል። ቀይም ቢጫም አይደለም። በየቀኑ ዳገቱን እወጣለሁ፣ ስልኩን ከፍ አደርጋለሁ። ሴቶቹ ስወርድ ፊቴን አይተው አይጠይቁኝም። ያቺ ክዳኑን ያስፈታኋት ግን «እትዬ፣ ዛሬም ሰማዩ ዝም አለ?» አለችኝ። ደግ ልብ ስላላት በቀስታ ነበር ያለችው።

በዘጠነኛው ቀን፣ ሁላችንም ክፍሏ ውስጥ ተቀምጠን ስንሰፋ፣ የልጅ ልጄ ስልክ ጮኸ። ከጋሸና ነው። «ለብቻዎ ይሰሙት?» አለችኝ። ጥፋቴን ሁሉም ስላወቁት መልሱንም ሁሉም ይስሙት አልኳት። ከፈተችው።

መጀመሪያ የሰሐን ድምፅ፣ የመኪና ጡሩምባ ተሰማ። ከዚያ እሷ።

«እየሰማሽኝ ነው? ልጄ ይህን ተጭነሽ ተናገሪ ብላኝ ነው። እቴ፣ መታጠፊያው ሰባተኛው ዙር ላይ ነው። አንቺ ስምንተኛው ላይ ነው ያጠፍሽው። በጣቴ ሁለት ጊዜ ቆጥሬዋለሁ። ፈትተሽ እንደገና ስፊው።»

ክዳኗን ያስፈታኋት ሴት ስፌቷን አስቀምጣ ተነሣች፤ ምንም ሳትል ጀበናውን አልፋ ማንቆርቆሪያውን አነሳችና የሻይ ውኃ ጣደችልኝ። ውኃው ሳይፈላ ስልኩ ደግሞ ጮኸ።

«ሌላውን ረስቼው። ስሜን በየስልኩ አትበትኚው፤ ቋጠሮዬ ይበቃኛል። ያመጣሽውን ስንደዶ ነክሬ ሦስት ዙር ጀምሬልሻለሁ። ትንሽ ጠመም ብሎ ይሆናል፣ ዓይኔን ታውቂዋለሽ። በነገው መኪና ሹፌሩ ያመጣልሻል። በእሱ ላይ ቀጥይበት። ሰባተኛው ላይ እጠፊው፣ ከዚያ ቋጠሮዬን አድርጊበት።»