ባለቤቴ ያጠፋት ነጥብ

ሰው ሲያገባ ስንት ነገር ይጠይቃል። ይጠጣል ወይ፣ ይማታል ወይ፣ ሥራ አለው ወይ ይላል። ማታ ማታ ጣሪያ ላይ ይወጣል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። እኔም አልጠየቅኩም፤ ይኸው አሳሬን እያየሁ ነው።

ባለቤቴ ፎቶ አንሺ ነው። ከላይ እንኖራለን፣ ከታች እንሠራለን። እኔ ደንበኛ እቀበላለሁ፣ ፎቶ እቆርጣለሁ፣ ፖስታ ውስጥ እከታለሁ፤ እሱ ያነሳል፣ ያጸዳል፣ ያትማል። ጉርድ ፎቶ ብቻ ነው የምንሠራው። ደንበኛው በርጩማው ላይ በቅጡ ሳይቀመጥ «አይንቀሳቀሱ!» ስለሚል ሰፈሩ ሁሉ «አይንቀሳቀሱ» ነው የሚለው። እኔም የአይንቀሳቀሱ ሚስት ሆኜ ቀረሁ።

እጁ ግን ወርቅ ነው፤ ለዚህስ አልዋሽበትም። ኮምፒውተሩ ፊት ሲቀመጥ ብጉር በለው ጠባሳ፣ ማውሱን ጠቅ ካደረገ ጠፋ ነው። ደግሞ ሳያይ ነው የሚያጠፋው፤ ከእኔ ጋር እያወራ፣ ሻዩን እየጠጣ። አንዴ የአንድ ሹፌር አገጭ ላይ የነበረውን ጠባሳ አጥፍቶበት፣ ሰውዬው መንጃ ፈቃዱን ሊያሳድስ ቢሄድ «ይሄ አንተ አይደለህም» ብለው መለሱት። ተመልሶ መጥቶ «ጠባሳዬን አምጣ!» እያለ ሲጮህ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ይሰማል። ባለቤቴ ምን ቢለው ጥሩ ነው? «ይቅርታ፣ እኔ አይደለሁም፣ እጄ ነው።» ይሄ እንግዲህ የቀኑ ሥራው ነው።

ሲመሽ ደግሞ ጣሪያ ላይ ቴሌስኮፕ አለው። ቴሌስኮፕ ያለው ሰው ጨረቃን ያነሳል፤ ለእንግዳ የሚታይ ነገር ያነሳል። የእኔው ግን ጨረቃ ስትወጣ ይናደዳል! «ሰማዩን አነጣችብኝ» ብሎ በር ደርግሞ ይገባል። እሱ የሚያሳድደው ፕላኔታዊ ኔቡላ የሚባል ነገር ነው፤ ያውም ትንንሾቹን። ኮከብ ሲያረጅ የላይ የላዩን ጋዝ አራግፎ ይጥላል አሉ፤ መሐል የቀረው ትኩስ እምብርት ያንን ጋዝ ያበራዋል። «ከፕላኔት ጋር ምን አገናኘው?» ብዬ ጠየቅሁት። «ምንም። የድሮ ሰዎች ሲያዩት ክብ ሆነባቸውና ፕላኔት መሰላቸው» አለኝ። ስሙ እንኳ ውሸት!

ፎቶውማ ጥቁር ጨርቅ ላይ ስኳር የተደፋ ነው የሚመስለው። «አየሻት?» ይላል። «የቷን?» እላለሁ። «ይቺን! ወፈር ያለችውን፣ አረንጓዴ የሚላትን!» እራቱ እንዳይበርድ ብዬ «አዎ፣ አየኋት» ስለው «አይ፣ እሷ ተራ ኮከብ ናት» ይለኛል። ለዚህች ነጥብ ብሎ አንዱን ቦታ ሲደጋግም ያመሻል፤ ከዚያ ሁሉንም በኮምፒውተር ይደራርባል። ልብስ ላሰጣ ብወጣ «ቀስ! ይነቃነቃል!» ይለኛል። በገዛ ቤቴ በጣቴ ነው የምሄደው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? ባለቤቴ ሁለቱም ነው።

«ለምን እንደ ሰው ትልልቆቹን አታነሳም?» ብዬ ስንቴ ጨቅጭቄዋለሁ። «እነሱንማ ሁሉም ያነሳቸዋል። እነዚህን ግን ማን ዞር ብሎ ያያቸዋል?» ይላል።

እንደ ሰው ትልልቆቹን የሚያነሳው ወንድም ጋሼ ነው፣ ታላቅ ወንድሜ። የከተማው የሰማይ ወዳጆች ማኅበር ሊቀመንበር ነው። የእሱ ፎቶዎች ሮዝ ደመና፣ ሐምራዊ ደመና፣ ካላንደር ላይ የሚወጡ ናቸው። ባለቤቴን ባገኘው ቁጥር «አማቼ፣ ያቺን ዝንብህን አሁንም እያባረርክ ነው?» ይለዋል። ባለቤቴ ፈገግ ብሎ ያልፈዋል፤ ቤት ሲገባ ግን እራት አይበላም። ዘንድሮ ማኅበሩ በቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ ዐውደ ርእይ ሲያዘጋጅ ለእሱም ለአንድ ፎቶ የሚሆን ግድግዳ ሰጡት። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

የዚያን ቀን እራት ላይ ማንኪያውን አስቀምጦ «ስሚኝ» አለኝ። «በዚችም ከሳቁብኝ ቴሌስኮፑን እሸጠዋለሁ። ሁለተኛ ጣሪያ ላይ አታዪኝም።»

«አሜን፣ ከአፍህ ያድርገው» አልኩ በሆዴ። ምን እደብቃለሁ? ደስ አለኝ። ጣሪያው ላይ የልብስ ገመዱን ከዳር እስከ ዳር ስዘረጋው፣ ማታ ማታ ባሌ አጠገቤ ተቀምጦ እንደ ሰው ስናወራ ታየኝ።

ቀኑ ደረሰና አዳራሹ በሰው ሞላ። ባለቤቴ ኮቱን ለብሶ፣ ጫማውን አስጠርጎ ጀርባውን ለፎቶው ሰጥቶ ቆሟል። ትልቅ ተደርጎ ታትሟል፣ ፍሬም ገብቶለታል። እኔ ዘግይቼ ደርሼ በሩ ላይ፣ ከሰው ኋላ ሆኜ ቀና ብዬ አየሁት። ነጥቧ የለችም። ሦስት ኮከቦች ተደርድረዋል፤ ከእነሱ ዝቅ ብሎ መንታ የሚመስሉ ሁለት ደብዛዞች አሉ፤ እሷ በመሐላቸው መሆን ነበረባት። ቦታው ልቅም ያለ ጥቁር ነው።

ሰው እየገፋሁ ሄጄ ኮቱን ጎተትኩት። «ና እስቲ አንዴ ውጣ» አልኩት በጆሮው።

«ምን ሆነሻል? ልጀምር እኮ ነው!»

«አንተ ሰውዬ፣ ና ስልህ!»

«ኧረ አትነዝንዢኝ፣ ሰው እያየን!» ብሎ እጄን አስለቀቀ። ስነዘንዝ ኖሬ፣ አንድ ቀን ለቁም ነገር ብመጣ የሚሰማኝ ጠፋ። እሱም ጉሮሮውን ጠርጎ ጀመረ። ስለ ኮከቡ እርጅና፣ ስለ ጋዙ፣ ስለ እምብርቱ ተናገረ፤ ደግሞ አነጋገሩ ያምራል፣ ሰው ሁሉ ጸጥ ብሎ ነው የሰማው። «እና ይቺ...» ብሎ ጣቱን ወደ ፎቶው አነሳ። ጣቱ አየር ላይ ቀረ። ወደ ግራ ሄደ፣ ወደ ቀኝ ሄደ፣ ተመለሰ።

«ኧረ የታለች?» አለ ወንድም ጋሼ ጠጋ ብሎ።

ከተራዎቹ ኮከቦች አንዷን «ይቺ ናት» ቢል ማን ያውቅበታል? ባለቤቴ ግን መዋሸት አይችልበትም። ፊቱ አመድ መስሎ «አጥፍቻታለሁ» አለ። «ከብጉሩ ጋር።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ወንድም ጋሼ እንባው እስኪወርድ ሳቀ፤ ያን ቀን ታላቄ ባይሆን ኖሮ አሳየው ነበር። ባለቤቴ ፎቶውን ራሱ አወረደና በብብቱ ይዞ ወጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካሜራው ለረጅም ሰዓት ሲሠራ ይሞቅና የሌለ ነጥብ ይፈጥራል፤ ቀይ ይሁን አረንጓዴ፣ ከመታተሙ በፊት መጥፋት አለበት። በዚያ ሰሞን ደግሞ ትምህርት ቤት ሊከፈት ነበርና የተማሪ ጉርድ ፎቶ አናታችን ላይ ወጥቷል። የልጆቹን ፊት ሲያጸዳ፣ ሲያጸዳ ውሎ በዚያው ሰማዩን ከፈተ፤ እጁም በዚያው ቀጠለ።

«ዋናው አለ አይደል እንዴ? ደግመህ አትመዋ!» አልኩት ቤት ስንገባ።

«አለ» አለኝ።

«ታዲያ ምን ያስለቅስሃል? ይሳቁ፣ ጥርሳቸው ይርገፍ!»

«ስለሳቁ አይደለም» አለ። ኮቱን እንኳ አላወለቀም። «ስንት ዓመት አውቃታለሁ ስል ኖሬ፣ ፊቴ ስትመጣ አላወቅኋትም። እንደ ብጉር ጠርጌ ጣልኳት። እኔ ያላወቅኋትን ማን ያውቃታል?» በማግሥቱ ቴሌስኮፑን ለሽያጭ አወጣው።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ውሸታቸውን ነው! ሁለት ሳምንት ሙሉ ከአፉ የወጣው «እሺ» ብቻ ነው። «ቧንቧው ያንጠባጥባል» ስለው «እሺ» ብሎ ጠገነው። «እህቴ ጋ እንሂድ» ስለው «እሺ» ብሎ ሸሚዙን ቀየረ። ሆን ብዬ ወጡን ጨው አበዛሁበት፤ «እንዴት ነው?» ስለው «እሺ» ብሎ በላው። ማታ ሲሆን አጠገቤ ተቀምጦ ግድግዳ ያያል። ስጸልይለት የኖርኩትን ባል አገኘሁና በሦስተኛው ቀን አንገሸገሸኝ።

በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ላይ ገዢ መጣ። ዓይኑ የሚቅለበለብ ወጣት ነው፤ አዲስ ሙሽራው አብራው አለች። «እትዬ፣ ቴሌስኮፑን ለማየት ነበር» አለኝ። ባለቤቴ ከመጋረጃው ወዲያ ፎቶ ማንሻው ክፍል ውስጥ ነበር። ልጁን ትቼ ወደ ልጅቷ ዞርኩ።

«ልጄ፣ ተቀመጪ እስቲ» አልኳት። «እንቅልፍ ትወጃለሽ?»

«እወዳለሁ» አለች እየሳቀች።

«እንግዲያው ተሰናበችው። ሰማይ የጠራ ቀን የእህትሽ ሠርግ ቢሆን አይሄድልሽም። ብርድ ልብስሽን ለቴሌስኮፑ ያለብሰዋል። ከሥራ ስትመጪ ስለ አንቺ ሳይሆን ስለ ደመና ነው የሚጠይቅሽ። ‹ና ውረድ› ስትይው ‹አንድ ብቻ ቀረኝ› ይላል፤ ያቺ አንድ አታልቅም። ስትታመሚ ትኩሳትሽን እየለካ በመስኮት ወደ ውጭ ያያል። ይሄን ሁሉ ችለሽ ደግሞ ምን ሠራህ ስትይው ነጥብ ያሳይሻል!»

ሳቋ ጠፋ። «ለጨረቃ ብቻ ነው ያልከኝ» አለችው።

«ሁሉም እንደዚያ ብለው ነው የሚጀምሩት» አልኳት። ልጁ «እትዬ፣ አንዴ ልየው ብቻ» እያለ እየተለማመጠኝ፣ እሷ በክንዱ እየጎተተች ይዛው ሄደች።

መጋረጃው ተከፈተ። ባለቤቴ ቆሟል። «ይሄን ያህል ነው እንዴ ያስመረርኩሽ?» አለኝ።

«ይሄማ መጀመሪያው ነው።»

«ታዲያ ለምን አላስወሰድሽውም?»

«ዋጋው አልጣመኝም!» አልኩት። ስለ ዋጋ ትንፍሽ ያለ ሰው አልነበረም።

«እሺ» አለ።

እሺ! ደሜ ፈላ። መቀሱን ወርውሬ ደረጃውን እየረገጥኩ ጣሪያ ወጣሁ። ፀሐይዋ ገና መጥለቋ ነው። ሸራውን ከላዩ ገፈፍኩና እጄ ያገኘውን ብሎን ሁሉ ማዞር ጀመርኩ። ብዙም አልቆየሁ፣ ከኋላዬ ሩጫ ሰማሁ።

«አትንኪው! ምን ነክቶሻል? ስንት ወር ያስተካከልኩትን!»

«ታዲያ አንተ መጥተህ አሳየኛ!»

«ምኑን?»

«ያቺን ያጠፋሃትን!»

«ተይኝ ባክሽ። አንቺ መቼ አይተሻት ታውቂያለሽ!»

«እኔ ነኝ አይቻት የማላውቀው? ያን ቀን ኮትህን የጎተትኩህ ኮትህ አምሮኝ መሰለህ? ሦስቱ እዚህ፣ ደብዛዞቹ መንታዎች እዚህ፣ እሷ መሐል ላይ! ቦታዋ ባዶ መሆኑን ካንተ በፊት ያየሁት እኔ ነኝ!»

«የት ሆነሽ?» አለኝ።

«በሩ ላይ ሆኜ!»

«ያን ሁሉ ርቀት?»

«ያን ሁሉ ርቀት! ስንት ዓመት ‹ይቺን እያት› እያልክ ዓይኔን ስታወጣው፣ ምን ላድርግ ታዲያ!»

ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ትከሻው ይንቀጠቀጣል፤ ይሳቅ ያልቅስ አላወቅሁም። «እንግዲያው የሚያውቃት ሰው አለ» አለ። ከዚያ ብድግ ብሎ፣ ያበላሸሁትን ብሎን አንድ በአንድ እየመለሰ፣ ቱቦውን ወደ ሰማይ አቀና።

«ዞር በይ» አለኝ። «ትንፋሽሽ መስታወቱን ያደበዝዘዋል። እግርሽንም ሰብስቢ!»

«የገዛ ጣሪያዬ ነው!» ብዬ ጮህኩበት። እሱም መልሶ ጮኸብኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።