ጀነራሉ በወንድሜ በር ላይ

ታናሽ ወንድሜ አምቦ መናኸሪያው አጠገብ የኮምፒውተር ጌም ቤት ሲከፍት፣ እናታችን መጥታ እንድትመርቅለት ፈለገ። ከእንጭኒ ይዣት የመጣሁት እኔ ነኝ። በሩ ጋ ስንደርስ ግን ቀጥ ብላ ቆመች። በሩን የሸፈነ ፖስተር ተለጥፏል፤ ደረቱ በኒሻን የተሞላ የጣሊያን ጀነራል። ከሥሩ «ጀነራሉን ምረጡ፣ ድል አድርጉ!» ይላል።

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ያንን ፊት ግን ታውቀዋለች። በጣሊያን ጊዜ፣ ልጅ ሳለች፣ አባቷን ገበያ መሃል የረሸኑት በዚህ ሰውዬ ትእዛዝ ነው። ምስሉን አደባባይ ሰቅለው ሕዝቡን እጅ ያስነሱት ነበር።

«ይሄ ሰውዬ ልጄ በር ላይ ምን ይሠራል?» አለችኝ።

ወንድሜ እየሳቀ ወጣ። «እማዬ፣ ጌም እኮ ነው! ተማሪዎቹ ከሱ ሌላ አይመርጡም፤ ጦሩ ፈጣን ነው።»

«አባን ኮ ተጳ ሚቲ» አለችው በኦሮምኛ። እንዳልገባው ስታይ በአማርኛ ደገመችለት፤ «አባቴ ጨዋታ አይደለም።» ደፉን ሳትረግጥ ተመለሰች።

እቤቴ አስቀምጫት ብቻዬን ተመልሼ ገባሁ። የኮሌጅ ተማሪዎች ኮምፒውተሩን ከበው ይጮሃሉ። የጀነራሉ ጦር የሣር ጎጆዎች ያሉበት መንደር ገብቷል፤ ጎጆ በተቃጠለ ቁጥር ነጥብ ይጨምራል። አንዱ ዞር ብሎ «በእውነት የነበረ ሰው ነው እንዴ?» አለኝ።

«አያቴን ያስገደለ ሰው ነው።»

ጀነራሉን አንዴ ቀና ብሎ አየው። ከዚያ ወደ ጨዋታው ተመለሰ።

ወጥቼ ፖስተሩን ከላይ እስከ ታች ተረተርኩት።

«ምን ሆነሻል? እንጀራዬን እኮ ነው የቀደድሽው!» አለ ወንድሜ።

«የአያትህን ገዳይ በር ላይ ለጥፈህ ነው እንጀራ የምትበላው?»

«አያታችንን እኔም አላየሁት፣ አንቺም አላየሽው። ያለፈ ነገር ነው።»

ያለፈ! እናቱ አሁን ከበሩ ስትመለስ እያየ! በማግሥቱ ከፊተኛው የሚበልጥ ፖስተር ለጠፈ። እናቴ ሳትመርቀው እንጭኒ ገባች፤ እኔም መንገድ ላይ ሳገኘው ሰላም ማለት ተውኩ።

ከዓመት በኋላ ጀነራሉ ከበሩ ወረደ፤ በቦታው የእግር ኳስ ተጫዋቾች ተለጠፉ። አፍሮ እንዳይመስላችሁ። ተማሪዎቹ ጦርነቱ ሰልችቷቸው ኳስ ስለፈለጉ ነው፤ ይህንንም ራሱ ነው መንገድ ላይ አስቁሞኝ ያለ አንዳች ኀፍረት የነገረኝ።

እናቴ መውረዱን ስትሰማ «ጌታ ይመስገን፣ ለልጄ ልቦና ሰጠው!» ብላ አለቀሰች። እውነቱን ልነግራት አልቻልኩም። እሱ ግን ምርቃቱን ሊቀበል በሳምንቱ እንጭኒ ሄደ፤ ተንበርክኮም ተመረቀ።