ጧሪዬ አንተ ነህ

በደርግ ጊዜ ብቸና ውስጥ የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊ ሳለሁ፣ ለዘበኛችን ለአያ ደምሴ የጡረታ ደብዳቤያቸውን ፈርሜ የሰጠኋቸው እኔ ነበርኩ። በማግስቱ አጎዛቸውን ተሸክመው ቢሮዬ ከች አሉ።

«አያ ደምሴ፣ ጡረታ ወጥተዋል እኮ! ቤትዎ ይረፉ» አልኳቸው።

«ጓድ፣ ልጅ የለኝ፤ ማን ሊጦረኝ? ጡረታ ይገባቸዋል ብለህ የፈረምከው አንተ ነህ፤ እንግዲህ ጧሪዬም አንተ ነህ።»

«የሚጦርዎትማ መንግሥት ነው።»

«መንግሥት ስታመም መጥቶ እንዴት አደሩ ይለኛል?»

ለመገላገል ያህል «እሺ፣ ከዛሬ ጀምሮ ልጅዎ ነኝ» ብዬ ሸኘኋቸው።

እፎይ ያልኩት ለአንድ ሳምንት ብቻ ነው። ሰኞ ጠዋት ፊታቸው በርቶ ተመለሱ።

«ልጄ፣ እኔም የአባትነቴን አድርጌያለሁ» አሉኝ። «ሞጣ ድረስ ሄጄ ሚስት አጭቼልሃለሁ። ሠርጉ ለጥር ተቆርጧል።»