አንዷ የማለቅለቂያ ኩባያ

ውሃ ሲባክን ማየት ያናድደኛል። ዛሬም ያው ነኝ፤ ያን ጊዜ ግን በሽታ ሆኖብኝ ነበር። ብቸና ላይ የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ሆኖ፣ ፈረቃውም እየራቀ ሄዶ፣ ግንቦት ላይ ሁለት ሳምንት ሙሉ ጠብ ሳይል ይቀር ጀመር። ፊታችንን በታጠብንበት እግራችንን እንታጠባለን፣ በዚያው ደግሞ ወለሉን እወለውላለሁ። የስድስት ዓመቷ ልጄ እጇን ስትታጠብ አጠገቧ ቆሜ "በቃ! በቃ!" እላታለሁ።

ጀሪካን የማጥብበትም የራሴ ዘዴ ነበረኝ። አንድ ኩባያ ውሃ አንደኛው ውስጥ ጨምሬ ነቅነቅ ነቅነቅ አደርግና ወደ ሁለተኛው እገለብጣለሁ፣ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው። አንዷ ኩባያ ሁሉንም ታዳርሳለች። ጎረቤቶቼ "ወይ ስስት!" እያሉ ያሾፉብኛል። እኔ ግን እኮራበት ነበር።

አንድ ቀን ከሥራ ስገባ ቧንቧው አየር ሲተፋ ሰማሁ። ባለቤቴ የሚሠራው ሞጣ ስለሆነ ቤት ያለነው እኔና ልጄ ብቻ ነን። ዕቃ ለመሰብሰብ ስሯሯጥ በረንዳው ጥግ የማላውቀው ባዶ ጀሪካን አየሁ። የማን ነው ብዬ እንኳ አልጠየቅሁም። ውሃ መጥቶ ባዶ ዕቃ ይቀመጣል እንዴ? መጀመሪያ እሱን አለቀለቅሁና ያችኑ ውሃ በሌሎቹ ሁሉ አዞርኳት። ትንሽ ሸተት አለኝ፤ የላስቲኩ ነው ብዬ ተውኩት።

በማግስቱ አማቼ፣ የባለቤቴ አባት፣ ከገጠር መጡ። ልጄ ከትምህርት ቤት ገብታ ውሃ እየጠጣች ነበር። ያን የበረንዳውን ጀሪካን ሲያዩት ክው ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

"ልጄ፣ ውሃ ሞላሽበት እንዴ?"

"አዎ አባባ፣ ምነው?"

"አበስኩ ገበርኩ! የአምናው የአረም መድኃኒት የነበረበት እኮ ነው! ለክረምቱ የዘንድሮውን ላስሞላበት ብዬ ትናንት ሳትኖሪ አስቀምጬው የሄድኩት!"

ኩባያውን ከልጄ እጅ መንጭቄ "ከየትኛው ነው የቀዳሽው?" አልኳት። ሌላ ጀሪካን አሳየችኝ። አማቼ "ተመስገን!" አሉ። እኔ ግን ያችን የማለቅለቂያ ኩባያ አሰብኳት። ያላዳረሰችው ጀሪካን የለም።

አቅፌያት ወደ ጤና ጣቢያ ሮጥኩ። "ሆድሽን አመመሽ? ይታይሻል?" እያልኩ አስጨነቅኋት። መጨረሻ ላይ "እማዬ፣ ልሞት ነው?" አለችኝ። ጥብቅ አድርጌ ይዣት ሮጥኩ።

ባለሙያው ዓይኗን አየ፣ ደረቷን አዳመጠ፣ እስኪመሽ እዚያው አቆያት። "የጠጣችው በጣም ጥቂት ነው፣ ደህና ናት" አለኝ። "ውሃውን ግን እንዳትነኩት።"

ቤት እንደገባሁ ሁሉንም ደፋሁት። ጠብታ የምቆጥረው ሴትዮ ጀሪካኑን አንድ በአንድ ቦይ ውስጥ ገለበጥኩ፣ እያለቀስኩ። ውሃ ተመልሶ መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም።

ይሄኔ ልጄ "ጠማኝ" አለችኝ።

ከጎረቤት አንድ ኩባያ ለምኜ መጣሁ። ጥርት ያለ ውሃ ነው። ልጄ እጇን ዘረጋች፤ መስጠት አቃተኝ። አሸተትኩት። ግማሹን ራሴ ጠጣሁት። እሷ "ስጪኝ እንጂ፣ እማዬ!" እያለች ታለቅሳለች፤ እኔ የቀረውን ከፍ አድርጌ ይዤ፣ አንድ ነገር እሆን እንደሆነ እጠብቃለሁ።